መንደሪን የጋረዳት አረንጓዴ መብራት

ዲሴምበር 3፣ 1995

የመጀመሪያው በረዶ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ታኬዞ መሰላሉን ከጎተራ አውጥቶ ደረጃውን አንድ በአንድ እያንኳኳ ፈተሸ። ባሌ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት የመንገድ በረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ ኖረና ጡረታ ወጣሁ ሲል ደግሞ የሰው ጣራ ላይ መውጣት ጀመረ። ቢቀመጥ ደስ ባለኝ፤ ግን በዚህ መንደር ካሉት ሠላሳ ሁለት ቤቶች አሥራ ዘጠኙ ውስጥ ያሉት ሽማግሌና አሮጊት ብቻ ናቸው። ማን ይጥረግላቸው?

እኔ እንደ ወትሮው ጆሮ ነኝ። ጣራ ላይ የሚወጣ ሁሉ ሲወጣ በሬዲዮ ይነግረኛል፣ ሲወርድ ይነግረኛል። ጠዋት በሁለት ሰዓትና ከሰዓት በአሥር ሰዓት ደግሞ ሁሉንም በስም እየጠራሁ እቆጥራለሁ። በሃያ ሁለት ክረምት አንድም ሰው ጣራ ላይ ረስቼ አላውቅም።

ዛሬም ካንጂን ተቆጣሁት። ካንጂ ከወንዙ ማዶ የሩዝ አረቄ የሚሸጠው ነው፤ መቼም ምላሱ አያርፍም። ተራራው ላይ ያለው፣ ድምፃችንን ተቀብሎ ወደ ማዶ የሚያሻግረው አስተላላፊ በሩን የሚከፍተው ከድምፃችን ሥር የምትሄደውን፣ ጆሮ የማይለያትን ወፍራም እምምታ ሲሰማ ነው። እኛ ቶን እንላታለን። እስኪሰማትና እስኪከፍት ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ካንጂ ግን ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው ይለፈልፋል፤ የመጀመሪያ ቃሉ ሁልጊዜ ተቆርጦ ይቀራል።

«ተጫን፣ አንዴ ተንፍስ፣ ከዚያ ተናገር» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው መተንፈስ የምታስተምሪ አዋላጅ መሆን ነበረብሽ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ።

አንድ ነገር ልጻፍ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ታኬዞ ቤት ውስጥ «ስሚ» ነው የሚለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «ስሚ»። በሬዲዮ ግን የምትጠራውን ሰው ስሙን ማንሳት ደንብ ስለሆነ «ፉሳኤ» ይለኛል። የሬዲዮ ፈቃድ እንዲያወጣ ያኔ የጨቀጨቅኩት ለዚህ ነበር።

ዲሴምበር 10

አዲስ ሰው ገባ። ኢትሱኮ ትባላለች። ከዝግባዎቹ በታች ያለው የእናቷ ቤት ባዶውን ከቀረ አራት ዓመቱ ነበር፤ ባሏ ሲሞትባት ከኦሳካ ተመለሰች። የባሏን የእጅ ሬዲዮ ይዛ መጥታለች። አሮጌ ነው፣ ጡብ የሚያክል፣ ቶን እንኳ የለውም። ስለዚህ በአስተላላፊው ማለፍ አትችልም፤ እኛ በቀጥታ የምንነጋገርበት መስመር ላይ ነው የምትመጣው።

ድምጿ ያምራል። ይኼው ጻፍኩት። ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው።

ስትጨርስ ካንጂ፣ «ቆዩ፣ ቆዩ፣ ጆሮዬን ታጥቤ ልምጣ!» አለ።

ታኬዞም አገጩን እያሻሸ ሬዲዮውን አነሳና፣ «ኢትሱኮ-ሳን፣ ጣራዎ ላይ ስንት ክንድ በረዶ ቆሟል?» አላት፣ በክብር «ሳን» እያለ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነጭ ፍጅል እየላጥኩ ነበር።

ዲሴምበር 17

በረዶ፣ በረዶ። ዘጠኝ ሰው ጣራ ላይ። ለመጻፍ ጊዜ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ታኬዞና ኢትሱኮ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ስለ ደረቅ ተምር መሳይ ፍሬ፣ ስለ ካኪ ነበር። ሃያ ደቂቃ ስለ ካኪ!

ዲሴምበር 24

በየቀኑ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን እሱ የሰው ጣራ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያሰርኩለትን የሩዝ ድቡልቡል ይበላል፣ እሷ ከቤቷ ታወራዋለች። የኔን ሩዝ እየበላ!

ዛሬ፣ «ኦሳካን አንድ ቀን ማየት እፈልግ ነበር» አላት። እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ስበላ ኦሳካ የምትባል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

መጥፎ ነገር አልተነጋገሩም። መንደሩ ሁሉ የሚሰማው መስመር ላይ ምን መጥፎ ነገር ይነገራል? እንዲያ ብዬ ራሴን ብመክርም ሆዴ አልሰማ አለኝ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት በድምፅ ትቀናለች ቢባል ማን ያምናል? ያፍሩብኛል። እኔም አፍራለሁ።

ዲሴምበር 28

መፍትሔ አገኘሁ።

የቤቱ ሬዲዮ ውስጥ ታኬዞ ራሱ ገዝቶ የገጠመው፣ ቶን የሌለውን ድምፅ የሚያስቀር የቶን ክፍል አለ። አሮጌ ነው፤ ተጠቅመንበት አናውቅም። ዛሬ የክፍሉን ቁልፍ አበራሁት። አሁን ሬዲዮዬ አፉን የሚከፍተው ቶን ለያዘ ድምፅ ብቻ ነው። ታኬዞ የእጅ ሬዲዮው ላይ ቶኑን ለአስተላላፊው ብሎ አንዴ ከከፈተው ወዲህ በየትኛውም መስመር ዘግቶት አያውቅም። እሷ ደግሞ የላትም። ስለዚህ እሱን እሰማለሁ፣ እሷን አልሰማም።

ሌሎቹም በቀጥታው መስመር ቶን አይጠቀሙም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ሥራዬን አልበደልኩም። በሁለት ሰዓትና በአሥር ሰዓት ጥሪ ላይ ቁልፉን አጠፋዋለሁ። የምዘጋው ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነው፣ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሰው መስመሩ ላይ ሲናገር አረንጓዴዋ መብራት እንደ ድሮዋ ትበራለች። ድምፅ ግን የለም።

ከስንት ቀን በኋላ ምሳዬን በሰላም በላሁ።

ጃንዋሪ 4

ጭራሽ ባሰ። አሁን የምሰማው የሱን ግማሽ ብቻ ነው።

መብራቷ ትበራለች፣ ዝም። ከዚያ እሱ፣ «...እኔ እንኳ ሞክሬው አላውቅም።» መብራቷ ትበራለች፣ ዝም። ከዚያ ሳቅ። «...ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ፣ ኢትሱኮ-ሳን።» መብራት። ዝም። «...ለማንም አልናገርም።»

ምኑን ነው ለማንም የማትናገረው?

«ልክ ነሽ» አላት ደግሞ። ከሦስት ሳምንት በፊት «እርስዎ» ነበረች።

ቁልፉን አጥፍቼ ሙሉውን ብሰማ ይሻል ነበር። እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። ድምጿን ከምሰማ ይህ ይሻለኛል።

ጃንዋሪ 9

ስሜን ተወው።

ዛሬ ከሰዓት፣ «...ወርጃለሁ፣ ሾርባውን አሙቂ» አለ። ትናንትም፣ «...ካንጂ ቤት ደርሼ እመጣለሁ» ነበር ያለው። ከትናንት በስቲያም እንደዚያው። ፉሳኤ የለም። እንደ ቤቱ «ስሚ» እንኳ የለም፤ ለግድግዳ እንደሚናገር ሰው በቀጥታ ወሬው ውስጥ ይገባል። በጥሪው ሰዓት የምጠራው እኔ ስለሆንኩ «ታኬዞ፣ በሰላም» ብሎ ያልፋል፤ እሱ አይቆጠርም።

የሷን ስም ግን አልተወም። በወሬው መሐል ኢትሱኮ-ሳን፣ ኢትሱኮ-ሳን።

ሾርባውን አላሞቅኩም። ቀዝቃዛውን ጠጣው።

ጃንዋሪ 15

ካንጂ ሱቅ ሄድኩ። ከመደርደሪያው ጀርባ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ታኬዞ የዝግባውን ቤት ጣራ ዘንድሮ ሦስቴ ጠረገ አሉ።»

«የራሱንስ?»

«የራሱን አንዴ።»

ተሳሳቁ። አኩሪ አተር ሳሙናዬን... ምን እንደምጽፍም ጠፋኝ። የአኩሪ አተር ማጣፈጫ ልገዛ ሄጄ ሳሙና ገዝቼ ተመለስኩ።

ካንጂ ስወጣ፣ «ፉሳኤ፣ ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ስጠራሽ ዝም አልሽኝ እኮ። ጆሮ ከዳሽ እንዴ?» አለኝ።

«ኩሽና ነበርኩ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ኩሽና አልነበረሽም?»

እውነቱን ለመናገር ቁልፉን ከምሳ በኋላ ማጥፋት እየረሳሁ ነው። መርሳት ነው። ከነገ ጀምሮ የሚደውል ሰዓት እሞላለሁ።

ጃንዋሪ 27

እራት ላይ ልጠይቀው ነበር። «ሬዲዮ ላይ ለምንድን ነው ስሜን የማትጠራው?» ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ስሚ፣ ፍጅሉ ጨው በዝቶበታል።»

«የዝግባው ቤት ፍጅል ጨው አይበዛበትም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አልቀመስኩም» አለ። ቀምሷል። ማክሰኞ ዕለት በሳህን ተሸፍኖ ጣራ ሥር ተቀምጦለት እንደነበር የካንጂ ሚስት ነግራኛለች። ለምን ዋሸኝ? በዚህ ቤት ለፍጅል የሚዋሽ ሰው አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 5

በረዶው ሁለት ክንድ ከግማሽ ደረሰ። ሰዓት መሙላቱን ተውኩት። ቁልፉን ከጠዋቱ ጥሪ እስከ ከሰዓቱ ጥሪ እንደበራ እተወዋለሁ። ምንም አልተፈጠረም።

ፌብሩዋሪ 11፣ ቀን

ታኬዞ ዛሬም የሷ ጣራ ላይ ነው። አራተኛው መሆኑ ነው። ጠዋት ሲወጣ፣ «ስሚ፣ ነገ ይሞቃል ብለዋል፣ በረዶው ሳይከብድ ልጨርስላት» አለኝ። ሂድ አልኩት።

ስድስት ሰዓት ከሩብ። መብራቷ በራች። አጭር። ጠፋች። በራች፣ አጭር። ጠፋች። ደግሞ አጭር። ደግሞ አጭር። አራት ጊዜ። ምን ዓይነት ወሬ ነው ይሄ፣ እየተቅለሰለሰች? እሱ ደግሞ አይመልስም፤ አጠገቧ ስለሆነ ይሆናል። ከዚያ ረጅም። ደግሞ ረጅም። ማብቂያ የላትም።

ከሳህኑ መንደሪን አንስቼ ፊቷ ላይ ደገፍኩት። አሁን አትታይም። ሁለተኛውን መንደሪን ልጬ እየበላሁ ነው። ጣፋጭ ነው።

ፌብሩዋሪ 11፣ ማታ

አሁን ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ሰባት ሰዓት ላይ ካንጂ በሩን ሳያንኳኳ በርግዶ ገባ። እስከ ጭኑ በረዶ ነው።

«ሞተሻል እንዴ፣ አንቺ? ሬዲዮው ስንቴ ጮኸ! ታኬዞ ወድቋል!»

የጣራው በረዶ በሙሉ ይዞት ተንሸራተተ። ከቤቱ ግድግዳና ከተቆለለው በረዶ መሐል እስከ ደረቱ ተቀብሮ ነበር። የእጅ ሬዲዮው የትም ጠፋ። ኢትሱኮ በራሷ ሬዲዮ ጠርታለች። ሌሎቹ ሁሉ ጣራ ላይ አካፋ ይዘው ሬዲዮውን ኪሳቸው ውስጥ ከተውት ነበር፤ ቁጭ ብሎ ይሰማል የሚባለው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ካንጂ ዕቃ ሊያደርስ መኪናው ውስጥ ሲገባ ሰማ። ሃያ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር። ሰው ጠርቶ፣ ስድስት ሆነው ቆፍረው አወጡት። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆይ ብርዱ ይገድለው ነበር አለ።

ኩሽና ነበርኩ። ለካንጂ እንደዚያ አልኩት። ለሐኪሙም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እንደዚያ አልኩት።

ፌብሩዋሪ 14

ሆስፒታል። ተኝቷል። እግሩን ያሰሩለት በኢትሱኮ የአንገት ልብስ ነበር፤ ሰማያዊ ሱፍ ነው። ነርሷ በከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ። አሸተትኩት። ምን እሆናለሁ፣ እንደዚህ ሆኖ እንኳ አሸተትኩት።

ቤት ስመለስ መንደሪኑ እዚያው ቆሞ አገኘሁት። ቁልፉን አጠፋሁ። መንደሪኑን ጣልኩ።

ፌብሩዋሪ 18

በጠዋቱ ጥሪ ስለ አደጋው ማንም ምንም አላለም። ያ ነው የከበደኝ። ካንጂ እንኳ አልቀለደም። ስማቸውን ስጠራ «አለሁ» ብቻ እያሉ አለፉ።

ከዚያ ኢትሱኮ ገባች። «አንድ ነገር ልናገር። ያን ዕለት የኔ ባትሪ ደክሞ ነበር። ድምፄ ፉሳኤ-ሳን ቤት አልደረሰም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«እህ፣ ባትሪ ነው እንዴ!» አለ ካንጂ። የሁሉም ትንፋሽ የተለቀቀ መሰለኝ። ወዲያው ወሬና ሳቅ ሆነ።

ባትሪው ደክሞ ከነበረ ካንጂ ከወንዙ ማዶ እንዴት ሰማት? የኔ ቤት ለሷ በግማሽ ይቀርባል። ይህን ካንጂም ያውቃል፤ ማመን ስለፈለገ አመነ። ዋሸችልኝ። ብትከሰኝ እመርጥ ነበር፤ እጠላታለሁ፣ ያልቅልኛል። አሁን በደግነትም በለጠችኝ።

ቁልፉን ተጭኜ «አመሰግናለሁ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ፌብሩዋሪ 25

የአንገት ልብሱን አጥቤ ይዤላት ሄድኩ። በር ላይ ሰጥቼ ልመለስ ነበር ያሰብኩት፤ ግቢ አለችኝ። ሻይ ቀዳችልኝ። ያ ፍጅልም ቀረበ።

«ለምን ባትሪ አሉ?» አልኳት በመጨረሻ።

«የወደቀው የኔ ጣራ ላይ ነው። ጥፋቱ ከኔ ቤት ባይወጣ ይሻላል ብዬ ነው።» ጽዋዋን አዞረች። «ደግሞም አልዋሽዎትም፣ የምሳ ሰዓቱን እጠብቀው ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ምን እንደሆነ... እርስዎ አይፈርዱብኝ። ከወሬ ሌላ ግን ምንም የለም።»

ሲነገረኝ አመንኩት። ቅናቱም አልለቀቀኝም፤ ሁለቱም አብረው ሆዴ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ተነስቼ ጫማዬን ሳደርግ፣ «ደግሞ መጀመሪያ የጠራሁዎት እኔ አይደለሁም» አለችኝ።

«ማን ነው?»

«እሳቸው ናቸው። ከእጃቸው አንዱ ብቻ ነበር ከበረዶው የወጣው። እኔ ላወጣቸው ስጎትት፣ ‹ሬዲዮሽን፣ ሬዲዮሽን› አሉኝ። አቀበልኳቸው። ደረታቸው ተጨምቆ ድምፃቸው አልወጣ ብሏል። ‹ፉሳኤ› አሉ። ለቀቁት፣ ጠበቁ። ‹ፉሳኤ።› ሌላ ምንም አልጨመሩም። አራት ጊዜ ጠሩዎት። ከዚያ ጣታቸው ደንዝዞ አልጫን ሲላቸው እኔ ተቀበልኳቸው።»

መንገዱን እንዴት እንደመጣሁት አላውቅም። ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ የፌብሩዋሪ አሥራ አንድን ቀን አነበብኩ። አጭር፣ አጭር፣ አጭር፣ አጭር። አራት ጊዜ ብዬ ጽፌያለሁ። በራሴ እጅ ቆጥሬያለሁ።

ኩሽና አልነበርኩም።

ማርች 2

ታኬዞ ቤት ገባ። ካንጂና ወንድሙ በበረዶ መንሸራተቻ ሣጥን ላይ አድርገው እንደ ሩዝ ጆንያ እየጎተቱ አመጡት። «ተቀበዪ፣ ዕቃሽ ትንሽ ተጣሞ መጥቷል» አለ ካንጂ። የጠፋውን የእጅ ሬዲዮም ከኢትሱኮ ግድግዳ ሥር ቆፍሮ አውጥቶ አምጥቷል። ይሠራል።

ካጎረስኩት በኋላ ጠየቅኩት። «ከአዲስ ዓመት ወዲህ ሬዲዮ ላይ ስሜን ለምን ተውከው?»

«ማን ነው የተወው?»

«አንተ ነሃ።»

«ምን ሆነሻል? ቁልፉን ስጫን መጀመሪያ የሚወጣው እሱ አይደል? ገና ስነካው ነው ከአፌ የሚወጣው።»

ገና ሲነካው። ተጫን፣ አንዴ ተንፍስ፣ ከዚያ ተናገር። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ ላይ ስጮህበት የኖርኩትን። አሮጌው የቶን ክፍል ነቅቶ በሩን እስኪከፍት ድረስ የመጀመሪያው ቃል ውጭ ይቀራል። ስድስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ጠርቶኛል፤ ስሜን በር ላይ የመለስኩት እኔው ነኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ደቂቃ ችግሩን እነግረው ነበር።

«ስሚ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለ።

«ሽንኩርት ነው» አልኩት። ቤት ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም።

ማርች 3

ጠዋት ሁለት ሰዓት። ሌሊቱን ያሰብኩት ነው። ካቻቪቴውን አንስቼ የቶኑን ክፍል ከሬዲዮው ነቀልኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ሁሉንም በስም ጠርቼ ቆጠርኩ። ሁሉም አሉ። ኢትሱኮም አለች።

ቁልፉን ተጫንኩ። አንዴ ተነፈስኩ።

«ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ ቀን የኢትሱኮ-ሳን ባትሪ አልደከመም። ሬዲዮዬን በቶን ዘግቼው ነበር። የዘጋሁት ቅናት ይዞኝ ነው። መብራቷ ስትበራ አይቻለሁ። አይቼ መንደሪን ደገፍኩባት። ኩሽና አልነበርኩም። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይቁጠራችሁ።»

ለቀቅኩት።

ሹሹታው ብቻ ቀረ። አንድም ሰው አልገባም። ካንጂም። ኢትሱኮም። አረንጓዴዋ መብራት ጠፍታ ቆየች፤ ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቀልኩም። ከግድግዳው ወዲያ፣ በሚቀጥለው ክፍል፣ ታኬዞ ተኝቶ ነበር። የእጅ ሬዲዮው ከራስጌው ነው። ሁሉንም ሰምቷል። ለሱ አስቀድሜ አልነገርኩትም፤ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ብርድ ልብሱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሲያቃስት ሰማሁ።

መብራቷ በራች። አጭር።

«ፉሳኤ።»

በግድግዳውም ሰማሁት፣ በሬዲዮውም ሰማሁት። ሌላ ምንም አልጨመረም። መንደሩ ሁሉ እየሰማ ነው።

ቁልፉን ተጭኜ፣ መተንፈሱንም ረስቼ፣ «አቤት» አልኩት።